ፓርላማው የነቃ ጊዜ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ትልቁ አዳራሽ። ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት የአንደኛ ዓመት ተማሪ። የስታቲስቲክስ መግቢያ። ከኋላ ያሉትን አራት ረድፎች ተማሪዎቹ ራሳቸው «ፓርላማ» ይሏቸዋል... ስለሚተኛባቸው። ዛሬ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ነበር።

ለሁለት ክረምት ለፍቼ ያዘጋጀሁትን የሁለተኛ ዓመት ኮርስ፣ ሃያ ሁለት ተማሪ ያለውን፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ለአማቹ ሰጠው። ለምን ብዬ ስለጠየቅሁ ይኸው አዳራሹ። «ልጅ ነሽ፣ ድምፅሽን ትለማመጂበታለሽ» አለኝ። የሙከራ ዓመቴ ጥር ላይ ያልቃል። ኮሚቴው «ትቀጥል» ካላለ ሻንጣዬን መሸከፍ ነው። እሱም ይህን ያውቃል።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

የመገኘት መቆጣጠሪያው ወረቀት 381 ፊርማ ይዞ ተመለሰ። ሰዉን ቆጠርኩ። 147። አንዱ ጀግና ለስድስት ሰው ፈርሟል፤ የእጅ ጽሑፉን ለመለወጥ እንኳ አልደከመም።

ጥያቄ ጠየቅሁ። ከኋላ አንዱ አዛጋ። ደገምኩት። ከፊት የተቀመጠች ልጅ በሐዘኔታ አየችኝ።

ጥፋቱ የማን ነው? ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ስላይድ አነበብኩላቸው። እኔም ብሆን እተኛ ነበር።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ምሳ ታላቅ ወንድሜ ቤት። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ዲግሪ ከያዝኩ ጀምሮ «ፕሮፌሰር» እያለ ያላግጥብኛል።

«ተኙብኝ» አልኩት።

«የኔዎቹም ይተኛሉ። ስልሳ ሰው፣ አፉን ከፍቶ።»

«አንተስ?»

«እኔማ መሪ ይዣለሁ። መሪ የያዘ ሰው ይተኛል እንዴ፣ ፕሮፌሰር?»

ሚስቱ ጣልቃ ገባች። «ትናንት ሶፋው ላይ ሪሞት ይዞ ሲያንኮራፋ የነበረው ማነው ታዲያ?»

ሳቁ። እኔ ግን ጉርሻዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። አዳራሹ ውስጥ መሪው ሁልጊዜ እኔ ጋ ነው እኮ...

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

የፊርማ ወረቀቱን ተውኩት። በምትኩ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ ካርቶን። ከወንድሜ ሚስት ጋር ስንቆርጥ ሁለት ቀን ፈጀብን።

ጥያቄው፦ ሳንቲም አምስት ጊዜ ወርውረን አምስቱንም ጊዜ አንዱ ጎን ከወጣ፣ ስድስተኛው ላይ የሌላኛው ዕድል ይጨምራል? አረንጓዴ አዎ፣ ቀይ አይጨምርም። ግማሽ በግማሽ ሆኑ። መልሱን አልነገርኳቸውም። «ከእናንተ የተለየ ቀለም የያዘ ሰው ፈልጉና አሳምኑ» አልኩ።

መጀመሪያ ማጉረምረም። ቀጥሎ ጫጫታ። ከፓርላማ አንዱ፣ ረጅሙ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ፦ «ወንድሜ፣ ሳንቲም ያለፈውን ያስታውሳል እንዴ? ቂም ይይዛል?»

ካርቶናቸውን እንደገና አነሡ። አዳራሹ ቀላ። እኔ አንድ ቃል ሳልተነፍስ።

ስወጣ ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ረስቼው ተመለስኩ። ከደስታ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ኃላፊው ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ። «ገበያ አስመሰልሽው እኮ።»

«ገበያ መሀል የሚተኛ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

ምላሴ... እናቴ ብትሰማ ትቆነጥጠኝ ነበር። ከሰዓት ደብዳቤ መጣ። ፊርማ ባለማስረከብ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ።

ዛሬ የተገኙት 302።

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ

ሰሌዳ ላይ ተሳሳትኩ። የስምንት ቁጥሮችን አማካይ ሳወጣ ለስምንት ማካፈል ሲገባኝ ለሰባት አካፈልኩ። ፊቴን ሳዞር አዳራሹ በሙሉ ቀይ። ማንም አንሡ አላላቸውም። ረጅሙ ተነሣ። «ቲቸር፣ አንዱን ቁጥር የት ጣሉት?»

ቆጠርኩ። «ልክ ነህ፣ ተሳስቻለሁ።»

አጨበጨቡ። በመሳሳቴ ሳይሆን በማመኔ ይመስለኛል። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ይጽፍ ነበር። ይጻፍ።

ጥር 5፣ ማክሰኞ

ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ኃላፊው ክሱን አነበበ። ፊርማ አልሰበሰበችም፤ ክፍሏ ይጮኻል፤ በተማሪ ታርማለች።

«ሦስቱም እውነት ነው» አልኩ። «ነገ አራት ሰዓት ላይ ትምህርት አለኝ። መጥታችሁ እዩ።»

ሰብሳቢዋ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ አዛውንት ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «እንመጣለን።»

ጥር 6፣ ረቡዕ

መጡ። መቀመጫ አጡ። ፓርላማዎቹ ተጠጋግተው ለሰብሳቢዋ ብቻ ቦታ ለቀቁ፣ ካርቶንም ሰጧቸው። ጥያቄ ስጠይቅ እሳቸው የተሳሳተውን ቀለም አነሡ። ረጅሙ ማን እንደሆኑ በምን ያውቃል? «እማማ፣ አይቀየሙኝና... እስቲ ላስረዳዎት።» አስረዳቸው። በጥሞና ሰምተው ቀየሩ።

ሆን ብለው ይሆን? ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሴት...

ኃላፊው ሃምሳ ደቂቃ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

ጥር 13፣ ረቡዕ

«ትቀጥል።» በሙሉ ድምፅ።

ከሰዓት ኃላፊው ቢሮው ጠራኝ። ወንበር ሳበልኝ። «ያ የሁለተኛ ዓመት ኮርስሽ ይመለስልሻል። አዳራሹን ለሌላ እንሰጠዋለን። ትንሽ ታርፊያለሽ።»

ጥቅምት ላይ ቢሆን አልቅሼ አመሰግነው ነበር።

«ኮርሱ የኔ ነው፣ እወስደዋለሁ» አልኩት። «አዳራሹንም አልለቅም።»

«ሁለቱንም? ትችይዋለሽ?»

«እችለዋለሁ። ፊርማ ግን አልሰበስብም።»

«እሺ... ይታያል።»

«ይታያል አይደለም። ይጻፍልኝ።»

ወረቀት ሳበ። ኪሱን ዳበሰ፣ መሳቢያውን ከፈተ፣ እስክሪብቶ አጣ።

የኔን አቀበልኩት።