ደሴቷ ላይ የተጣራችው ሴት

ካልገሪ፣ ታኅሣሥ 1989 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ፀሐይነሽ፤

እንዴት ከረሙ? እናታችንስ እንዴት ናት? እኛ ከብርዱ በቀር ተመስገን፣ ደኅና ነን።

ገብረመድኅን ለጋብቻችን በዓል በክሩዝ፣ በሽርሽር መርከብ፣ ወስዶኝ ሙቀት የማይለያት አንዲት ደሴት ላይ ወረድን። ድሮ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች አሉ፤ ዛሬ ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሱቅ ብቻ ናት። ጀልባዎቹም ፎቶ መነሻ ሆነዋል። በየቀኑ መርከብ ሕዝብ ስለሚያራግፍባቸው ሻጮቹ የሰው ፊት ቀና ብለው አያዩም።

አንዷ የዛጎል ሐብል ሻጭ ግን ከሩቅ «ገብርዬ!» ብላ ተጣራች። እንዲህ ብዬ የምጠራው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ታውቅሃለች እንዴ?» አልኩት።

«ኧረ እኔ እዚህ መጥቼም አላውቅ! ቱሪስቱን ሁሉ እንዲህ ነው የሚሉት» አለኝ።

ከዚያ በጓሮ በጓሮ ይዞኝ ወደ መርከቡ ተመለሰ። መንገዱን ማንንም አልጠየቀም።

አሁን ደግሞ እንደ አምናው ለጥር ወር ኤድመንተን ከተማ የሥራ ሺፍት አግኝቷል። ብርዱ ከእኛም ይብሳል ይላሉ። ትናንት ሻንጣውን ብከፍት እጅጌ ጉርድ ሸሚዞቹን ደርድሯል። ወፍራም ሹራብ ከላይ አድርጌለት ዘጋሁት። ዛሬ ጠዋት ሹራቡ ቁም ሣጥን ውስጥ ተመልሶ ተሰቅሏል።

ይህን ለእናታችን አያንብቡላት፤ ደኅና ናቸው ብቻ ይበሏት። በጸሎትዎ አይርሱኝ።

ጉልበትዎን የምትስም እኅትዎ፣
ሠናይት