አንድ ባዶ ቦታ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለቴረል፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ አላባማ፣ አንተ ጃፓን ባሕር ላይ፤ መሐላችን ያለው ውሃ ስንት እንደሆነ መገመት ቢያቅተኝም ሰላምታዬ ዋና ይችላልና እንደምን ሰነበትክ እልሃለሁ። ያ ጆሮህን ሲያምህ የነበረው ተሻለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? መርከባችሁ ከወደብ ስትወጣ የሚያቅለሸልሽህ ነገር ተወህ ወይስ አሁንም በደረቅ ብስኩት ነው የምትውለው? እማዬ «ስለ ብስኩቱ አጥብቀሽ ጠይቂልኝ» ብላኛለችና ይኸው አጥብቄ ጠየቅሁ። እኛ በጤና አለን። «ደህና ነን» ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

እማዬ በስልክ «ሁሉም ሰላም ነው» ያለችህ እንዳትጨነቅ ብላ ነው። እኔ ግን ይህን ላንተ ካልነገርሁ ለማን ልናገር? የአስተናጋጆቹን የእጅ ምልክት ያስተማርኸን አንተ ነህ።

በአምልኮ ሰዓት ሰው እየመራን የምናስቀምጥ አስተናጋጆች ልታደርገን ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ያሰለፍኸን ቀን ትዝ ይልሃል? እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ኩዊንተን ሜዝ ደግሞ አሥራ ሦስት ሆኖት፣ ነጩ የአስተናጋጅ ጓንት ሰፍቶት ጣቶቹ ጫፍ ላይ ይንጠለጠል ነበር። ግራ ክንድ ከወገብ ኋላ ይታጠፋል፣ እጅ ይጨበጣል፤ «ሥራ ላይ ነኝ» ማለት ነው። ቀኝ እጅ ደረት ላይ ይሆናል፤ የተዘረጋው ጣት ስንት ባዶ ቦታ እንዳለ ይናገራል። «አስተናጋጅ አፍ የለውም» ትለን ነበር። «በስብከት መሐል ሲያንሾካሹክ ያየሁትን ጓንቱን አስወልቄ ሕፃናት ክፍል ነው የምሰደው!» እኔ እስከ ዛሬ አንሾካሹኬ አላውቅም። ኩዊንተንም አያውቅም። ጥፋታችን እሱ ሆነ መሰለኝ፤ በእጃችን መነጋገር ለመድን።

ባለፈው መኸር በጉባኤው ሳምንት ሰው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ እሱ ወደ ፊት፣ በቀኙ መተላለፊያ። አንድ ጣቱን ደረቱ ላይ አደረገ። እኔም ያቺን ባለ ትልቅ ባርኔጣ ሚስ ኤርሊንን ክንዷን ይዤ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እስከ ሦስተኛው መደዳ ወሰድኋት። አንድም ባዶ ቦታ የለም። እንደገና ወደ ኋላ መለስኋት። «አንቺ ልጅ፣ ሙሽራ መሰልሁሽ እንዴ የምታመላልሺኝ?» አለችኝ፣ ሰባኪው እስኪሰማ።

ሲያልቅ ውጭ ያዝሁት። «ዓይንህን ምን ነካው? የታለ ባዶ ቦታው?» አልሁት። «አጠገቤ» አለኝ። «ቆመህ አልነበር እንዴ?» ስለው ጓንቱን እያወለቀ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ስቀመጥ ማለቴ ነው። ላንቺ ይዤልሽ ነበር። ሚስ ኤርሊንን ይዘሽብኝ ትመጫለሽ ብዬ መች አሰብሁ!» አለ። ሳቅሁበት። ቤት እስክደርስ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ያ አንድ ጣት የእኛ ቃል ሆነ። ሌላ ነገር አልተባባልንም። የሚያስፈልገንም አልመሰለኝም ነበር።

በኤፕሪል መጀመሪያ ትምህርት ቤት የሽልማት ቀን ሆነ። ከመቶ አርባ ተመራቂ አንደኛ መውጣቴንና የምረቃውን ንግግር የማደርገው እኔ መሆኔን አስታውቀው ወደ መድረክ ጠሩኝ። የስፖርት አዳራሹን ታውቀዋለህ፤ ነጮቹ በቀኝ፣ እኛ በግራ፣ ማንም ሳያዝዘን። ኩዊንተን ከላይ፣ ከመጨረሻው ደረጃ ተነሣ። ግራ ክንዱን ወደ ኋላ አጠፈ፤ አንድ ጣቱን ደረቱ ላይ አኖረ። እኔም ከመድረኩ ላይ ያንኑ መለስሁለት። ቴረል፣ በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ቀጥ ብዬ ቆሜ አላውቅም።

ምክትል ርእሰ መምህሩ ሚስተር ሄይገን ክረምቱን ስለ ወሮበላ ቡድኖች ሥልጠና ወስዶ የእጅ ሥዕሎች ያሉበት መጽሔት ይዞ ነው የተመለሰው። የቤዝቦል ልጆች ቀኑን ሙሉ ጣታቸውን እንደ ቀንድ እያቆሙ ሲያገሱ መጽሔቱን ገልጦ አያውቅም። ያን ቀን የኩዊንተንን ጣት አይቶ ገለጠው። ኩዊንተንን ከሂሳብ ክፍል በሁለት ጥበቃ አስወጡት። በሦስተኛው ቀን እኔን አስጠራኝና አንድ ወረቀት ፊቴ አስቀመጠ። ተማሪው ያሳየው ምልክት ምን እንደሆነ እንደማላውቅና እንደፈራሁ ይላል። «አንቺ ጨዋ ልጅ ነሽ፤ እንደነሱ አይደለሽም። ፈርሚና ንግግርሽን ተዘጋጂ» አለኝ። «እነሱ እነማን ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። ብዕሩን ወደ እኔ ገፋው። እኔም መልሼ ገፋሁት።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ስንቀርብ የቤተ ክርስቲያናችን አንጋፋ አስተናጋጅ እማማ ኦዴሳ ልትመሰክርልን መጣች። ነጩን የአስተናጋጅ ልብሷን ለብሳ፣ ጓንቷን አጥልቃ። ኮሪደር ላይ ከአንደኛ ክፍል የመጣች የምትመስል ትንሽ ወንበር ሰጧትና ሦስት ሰዓት ሙሉ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ተቀመጠች፤ ሳይጠሯት ስብሰባው አለቀ። «ስልሳ ዓመት ሰው አስገብቼ አስቀምጫለሁ፤ ዛሬ ለእኔ በር የሚከፍትልኝ ጠፋ» አለች ስንወጣ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ውስጥ የሆነውን አሁን ልንገርህ። ይኸውልህ፣ እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው። ምልክቱን አሳዪን አሉኝ፤ አሳየሁ። ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው አልሁ። ሚስተር ሄይገን ፈገግ ብሎ፣ «አዳራሹ ግን ጢም ብሎ ነበር። የምን ባዶ ቦታ ነው?» አለ። ዞር ብዬ አየሁ። ኩዊንተን እጆቹን ጭኖቹ ላይ አድርጎ ያየኛል። እማዬ ከኋላዬ አለች። እውነቱን ከተናገርሁ ይለቁታል ብዬ አመንሁ። አንደኛ የወጣች ልጅ እንዲህ ትሞኛለች። «አጠገቤ ያለው ቦታ ያንቺ ነው ማለቱ ነው» አልሁ። «እኔም ያንኑ ነው የመለስሁለት። እወደዋለሁ።» ለእሱ እንኳ ነግሬው የማላውቀውን በእነዚያ ሰዎች ፊት ተናገርሁት። አንደኛው ሳቁን በሳል አስመሰለው። ቃለ ጉባኤ የምትይዘዋ ሴት ጽፋ ስትጨርስ መልሳ አነበበችው፦ «ተማሪዋ ምልክቱ በቡድኑ አባላት መካከል ብቻ የሚታወቅ ስውር ትርጉም እንዳለው አምናለች።»

በዚያች ዓረፍተ ነገር አባረሩት። ሊመረቅ ስድስት ሳምንት ሲቀረው። የምረቃ ንግግሩንም ከእኔ ወስደው ሁለተኛ ለወጣችው ሰጡ።

ከእማዬ ጋር መኪና ውስጥ ገባን። ኋላ የትራፊክ መብራት ላይ ቆመን ሳለ፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ? እዚያው ፊት ለፊቴ? እኔ እኮ መደዳ የምትቆጥሩ መስሎኝ!» አለችና እጄን ያዘች። የኩዊንተን እናት ግን ይቅር አላለችኝም። ልጠይቃት ብሄድ ከበሩ ሳታስገባኝ፣ «ልጄን የጨረሰው ያንቺ አፍ ነው» አለችኝ።

ትምህርቱን እዚያ እንዲጨርስ ወደ አጎቱ፣ ወደ ዲትሮይት ላከችው። የአውቶቡሱን ቀን ሰምቼ ሄድሁ። እናቱ አጠገቡ ስለነበረች ከመንገዱ ማዶ ቆምሁ። በመስኮቱ አየኝ። ጣቱን ጠበቅሁ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ሁለቱንም እጆቹን አወጣና መዳፎቹን ዘርግቶ መስታወቱ ላይ ለጠፋቸው፤ ፖሊስ ሲያስቆመን እንድናደርግ እማዬ እንዳስተማረችን። ሰላምታ ይሁን ስንብት ወይስ «ይኸው፣ እጄ ባዶ ነው» ማለቱ ይሁን አላወቅሁም። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ የለም።

ዛሬ የእናቶች ቀን ነበር። እናቱ በሕይወት ያለች ሰው የሚያደርገውን ቀይ አበባ ደረቴ ላይ ሰክቼ በሩ ላይ ቆምሁ፤ የቀኙ መተላለፊያ ላይ ማንም የለም። ሰው ሲገባ ዓይኔ በልማዱ ወደዚያ ይሄዳል፤ ቦታ እንዳለ የሚነግረኝ ስለሌለ ሰውን በግምት አስቀመጥሁ። ትምህርት ቤትም ጓደኞቼ ምሳ ላይ ከእኔ አንድ ወንበር ዘለው ነው የሚቀመጡት። ስሜ የሚስተር ሄይገን መዝገብ ውስጥ ስለገባ ፈርተው ነው፤ አልፈርድባቸውም። አልፈርድባቸውም ማለት ግን አልተከፋሁም ማለት አይደለም።

እማማ ኦዴሳ ዛሬ ከአምልኮ በኋላ የራሷን ጓንት እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ አልነገረችኝም። የምረቃውን ደንብ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ስለ ጋውንና ስለ ቆብ ይላል፤ ስለ ጓንት አንድም ቃል የለውም። ስሜ ሲጠራ መሐል ላይ ቆሜ ግራ ክንዴን ወደ ኋላ አጥፋለሁ፤ ቀኝ ጣቴን ደረቴ ላይ አኖራለሁ። ዲፕሎማውን ይከለክሉኝ ይሆናል። አስቤበታለሁ። በአፌ የተናገርሁትን ጠምዝዘው ጽፈውታል፤ ይህን እንዴት እንደሚጽፉት አያለሁ። ለእማዬ ገና አልነገርኋትም፤ አንተም በስልክ አታውጣብኝ።

ምረቃው ሜይ 31፣ አርብ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እናንተ ዘንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይሆናል። ተረኛ ብትሆንም፣ ብስኩት እየበላህ ብትሆንም፣ መርከቡ ላይ የትም ብትሆን ለአንድ ደቂቃ ክንድህን ከወገብህ ኋላ አጥፈህ ቁምልኝ። አዳራሹ ውስጥ የሚመልስልኝ አላገኝ ይሆናል። አንድ ሰው እንደመለሰልኝ ባውቅ ይበቃኛል።

እማዬ በናፍቆት ትስምሃለች፤ ካልሲ ልካልሃለች፣ ለሰው እንዳታድል ብላለች። እማማ ኦዴሳ «ጓንት ማጠብ ያስተማርሁት ልጅ አሁን መርከብ ያጥባል አሉ» ብላ ስቃ ሰላም ብላሃለች። ሚስ ኤርሊንም ሰላም ትልሃለች፤ እኔን እስካሁን አላመነችኝም፣ ቦታዋን ራሷ ነው የምትፈልገው። አብሮህ ለሚተኛው ለዚያ ለቺካጎው ልጅ ሰላም በልልኝ። ለኩዊንተን ሰላምታ የምልክበት አድራሻ የለኝም። የቀኙን መተላለፊያ ለሌላ ልጅ እንስጠው ሲሉኝ ግን ቦታው ተይዟል ብያለሁ።

ሥራ ላይ ያለችው እህትህ፣
ሮሻንዳ

ሃርሞን ክሪክ፣ አላባማ
እሑድ፣ ሜይ 12 ቀን 1996