ግማሹ ዘፈን በአባባ ክፍል፣ ግማሹ በእማዬ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ታላቅ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ባለፈው ደብዳቤህ «ትንሽ ብቻ ነው የሚያመኝ» ብለሃል፤ ያንተን «ትንሽ» ከልጅነታችን ጀምሮ ስለማውቃት አላመንኩህም። ሥራውስ እንዴት ይዞሃል? አብሮህ የሚኖረው ልጅ ማንኮራፋቱን ተወ ወይስ አንተ ለመድከው? በደንብ ትበላለህ? ፎቶው ላይ ጉንጭህ ሞልቶ አየሁት፤ ግን በፎቶ ምን እንደሚደረግ ስለሚታወቅ የራስህን ቃል እጠብቃለሁ። እኛ በአካል ሁላችንም ደህና ነን። ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም ብዬ እንዳልጽፍ ግን ደብዳቤውን በውሸት መጀመር ይሆንብኛል።

የላክኸው የሙዚቃ ሸክላ ደርሷል። ጥቅሉን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ ፈርሚ ስትለኝ መጀመሪያ በአራቱም ጥግ አገላብጬ አየሁት። አንዱ ጥግ ላይ ፕላስተሩ ሁለት ጊዜ ተለጥፏል። «ማን ከፍቶት ነበር?» ብላት «እህቴ፣ አንቺ ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ?» አለችኝ። አዎ፣ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከቤት ቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ የሚያነብ ሰው፣ ማግኔት የተለጠፈበት ቆጣሪ፣ ተገልብጦ የተገጠመ ቆጣሪ፣ ውሻ የታሰረበት ቆጣሪ ሲያይ የሚውል ሰው ሌላ ምን ይሆናል? በዚያ ላይ ሠላሳ ዓመት ባቡር ውስጥ ቲኬት ሲቆጣጠር የኖረ አባት ነው የወለደኝ።

እሱም ከእኔ አላነሰም። ሸክላውን ከሽፋኑ ሳያወጣ ፊቱንም ጀርባውንም አየ፣ አሸተተው፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ያ ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚወደው የሮክ አልበም መሆኑን፣ አራቱ ፀጉራሞች ግድግዳ ተደግፈው መቆማቸውን አረጋገጠ። የድሮው ሸክላው አንተ በሄድክ ዕለት፣ በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል ከጠረጴዛ ወድቆ መሰንጠቁን ታውቃለህ። ቀጥሎ ከላይ በቀኝ በኩል ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አገኘ። «ስቴሪዮ ይላል፤ የእኔ ሞኖ ነበር» አለኝ። «አዲስ ስለታተመ ነው» አልኩት፣ ምንም ሳላውቅ በድፍረት።

እዚህ ላይ በስልክ አሳጥሬ የነገርኩህን አሁን ሙሉውን ልንገርህ። አባባና እማዬ አንተ ከሄድክ ወዲህ፣ ይኸው ዓመት ከአምስት ወር፣ አንድም ቃል ፊት ለፊት አልተነጋገሩም። መሄድህን እያወቀች ደብቃኛለች፣ ሻንጣውንም ያዘጋጀችው እሷ ናት ብሎ ይዟል። እሷ ደግሞ አልካደችም፤ ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ ትላለች። እሱ የፊተኛው ክፍል፣ እሷ የስፌት ክፍሏ ውስጥ ናቸው። በመሐል የምመላለሰው እኔ ነኝ። «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ሸሚዜ ቁልፍ የለውም» ይላል፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ እኔ ሳልነሳ ሰምታዋለች፤ እንደዚያም ሆኖ በሩ ላይ እስክደርስ ጠብቃ «ምን አለ?» ትለኛለች። ቁልፉን የምትተክልበት ክር እኮ በእጇ ይዛለች።

ስፒከሮቹ አንተ እንዳስቀመጥካቸው ናቸው። አንዱ አባባ ክፍል፣ ሌላው እማዬ እየሰፋች እንድትሰማ ብለህ ግድግዳውን በስተህ ሽቦ ያሳለፍክላት የስፌት ክፍል። እሑድ ከምሳ በኋላ አባባ እጁን ታጥቦ መርፌውን ሸክላው ላይ አስቀመጠ። ከበሮው መጣ፣ ጊታሩ መጣ፣ ቤዙ መጣ፤ ዘፋኙ ግን የለም። ጠበቅን። ሁለተኛውም ዘፈን እንደዚያው ሆነ። «ዘፋኙን አውጥተውታል» አለ፣ ሰው እንደተሰረቀበት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ይህን ጊዜ የእማዬ የስፌት መኪና ቆመ። ጠራችኝና «ለአባትሽ ንገሪው፣ እዚህ ሰውየው ያለ ሙዚቃ ብቻውን እየጮኸ ነው፤ ምን ነክቶት ነው?» አለች።

ከዚያማ የሆነውን አትጠይቀኝ። አባባ ሽቦውን ነካክታዋለች አለ። እማዬ እኔን ለማናደድ አንድ ነገር አዙሯል አለች። እኔ ሁለቱንም ጠረጠርኩ፤ ቀጥሎ ፖስታ ቤቷን ጠረጠርኩ፤ በመጨረሻ ለአንተ የሸጠልህን ሰው ጠረጠርኩና ሐሰተኛ ሸክላ አሸክሞህ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ሰኞ ሸክላውን ይዤ ሹክሹክ ጋ ሄድኩ። ሹክሹክ ቆጣሪ የማነብበት መንገድ ላይ ያለ ሸክላ ሻጭ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለማያውቅ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። ቆጣሪው አንድም ቀን ተነክቶ አላገኘሁትም፤ ይህም ራሱ ያጠራጥረኝ ነበር። ሸክላውን ብርሃን ላይ አዘንብሎ አይቶ «ሐሰተኛ አይደለም» አለኝ። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሰው ቤት የነበረው አንድ ስፒከር ስለሆነ ሙዚቀኞቹ ቀናት የሚደክሙት ለሞኖው ነበር፤ ስቴሪዮውን ብዙ ጊዜ የድምፅ ቀረጻ ባለሙያው በኋላ ብቻውን በችኮላ ስለሚሠራው ዘፋኙን በአንድ ወገን፣ መሣሪያውን በሌላ ወገን አድርጎት ያርፋል አለኝ። «አሁን ሁለቱንም እንደገና እያተሙ ነው። ሞኖውን የሚመርጥ አለ፤ ሁሉም ከአንድ ቦታ ተጋግዞ ስለሚመጣ። ስቴሪዮውንም የሚመርጥ አለ፤ እያንዳንዱ ተለይቶ ስለሚሰማው» አለ። «እሺ፣ እውነተኛው የትኛው ነው?» አልኩት። «ሁለቱም ናቸው፤ እንደምትቀመጪበት ነው» አለኝ። አንድ ነገር ተጠይቆ ሁለት የሚመልስ ሰው እንደማልወድ ታውቃለህ። ሞኖውን ሊሸጥልኝ ነው ብዬ ቦርሳዬን አጥብቄ ያዝኩ።

ፊቴ ላይ ያነበበው መሰለኝ፤ በርጩማ ስቦ በሁለቱ ስፒከሮች መሐል አስቀመጠኝ። መጀመሪያ የራሱን ሞኖ፣ ቀጥሎ ያንተን ስቴሪዮ አጫወተልኝ። በሞኖው አራቱም ፀጉራሞች እንደ አንድ ሰው ተያይዘው ፊቴ ላይ መጡብኝ። በስቴሪዮው ዘፋኙ በቀኝ ጆሮዬ፣ ከበሮውና ጊታሩ በግራ ጆሮዬ ገቡና መሐል ላይ፣ እኔ ጋ ሲደርሱ ተገናኙ። ምንም የጠፋ ነገር አልነበረም። «ቤት ስፒከሮቻችሁ ምን ያህል ተራርቀው ነው የተቀመጡት?» አለኝ። «በመሐላቸው ግድግዳ አለ» አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ያለ ድምፅ ሳቀ። «ግድግዳ ላላችሁማ ሞኖ ነው የሚሆናችሁ፤ በሁለቱም ስፒከር ሙሉው ዘፈን ይወጣል» አለና እስከ ቅዳሜ ካመጣሽው በዚህኛው እለውጥልሻለሁ፣ የቀረኝ አንድ ነው አለኝ። በአፍረት ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ሁለት ቆጣሪ አንባቢ የሚያክል ጥርጣሬ ይዤ ገብቼ ያላየሁት የገዛ ቤቴን ግድግዳ ነው።

ቤት ስደርስ ግን ይህን ሁሉ የሚያስረሳ ነገር ጠበቀኝ። እማዬ የስፌት መኪናዋን በገመድ እያሰረች ነበር። አክስታችን አንድ ክፍል እለቅልሻለሁ ብላታለች፤ ቅዳሜ ፒክአፕ ይመጣል። «ለጥቂት ጊዜ ነው» አለችኝ፤ መጋረጃዋን ግን አውርዳ አጣጥፋለች። ለጥቂት ጊዜ የሚሄድ ሰው መጋረጃ አያወርድም። አባባ ከግድግዳው ወዲያ «ምንድነው የምታስረው?» አለኝ። መኪናዋን አልኩት።

የሹክሹክን ነገር ለሁለቱም በየክፍላቸው ነገርኳቸው። አባባ «ይለወጥ» አለ። እማዬ «ለእሱ ይለወጥለት፤ እኔማ አክስትሽ ቤት ድረስ ሽቦ አይደርስልኝም» አለች። እኔም ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሞኖው ከመጣ እሱም ወንበሩ ላይ፣ እሷም ስፌት ክፍሏ ውስጥ፣ ማንም ማንንም ሳይፈልግ ሙሉ ዘፈን ይሰማል። ስለዚህ ማክሰኞ ሱቁ ዝግ ነው ብዬ ዋሸሁ።

ረቡዕ አንድ ሰፈር ሙሉ በሩ ተዘግቶብኝ ከሰዓት በኋላ ሳልታሰብ ቤት ገባሁ። ሸክላው እየተጫወተ ነው፤ የአባባ ወንበር ባዶ ነው። የእማዬ ክፍል በር ላይ ቆሞ አገኘሁት፣ ፒንሳ ይዞ። «ሽቦውን እያየሁ ነው» አለኝ፤ እኔ ምንም አልጠየቅኩትም። ሽቦው ያለው ደግሞ በስተኋላው ነው። እማዬ አቀርቅራ በእጇ ትሰፋለች፤ ዘፋኙ በዚያ ክፍል ውስጥ ጉሮሮው እስኪነቃ ይዘፍናል። ሁለቱም አልተያዩም። እኔም ያላየሁ መስዬ አለፍኩ።

ሐሙስ ደግሞ ተራው የእሷ ሆነ። መቀስ ልፈልግ ብላ ስንት ወር ያልረገጠችው የአባባ ክፍል ገባች፤ መቀሱ በአንገቷ ተንጠልጥሏል። እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ማንንም ሳታይ «ከበሮው እንዲህ ነበር እንዴ?» አለች። አባባ «ድሮም እንዲህ ነው፤ አንቺ ነሽ በመኪናሽ ድምፅ ያልሰማሽው» አለ። እኔን መስሎኝ፣ ወንድሜ! ዓመት ከአምስት ወር ሙሉ በዚህ ቤት ውስጥ በአባባ አፍ «አንቺ» የምባለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ «እኔ ደግሞ ምን መኪና አለኝ?» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እማዬ ቀደመችኝ። «አንተስ ድምፁን ቀንስ ስልህ ሰምተህ ታውቃለህ?» አለችው። ከዚያ ስለ ከበሮው ሸክላው እስኪያልቅ ተጨቃጨቁ። ሁለቱም ትክክል አልነበሩም። እኔ ወደ ጓሮ ወጥቼ የውሃ በርሜሉ ጋ ቆሜ አለቀስኩ፤ በደስታ መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ዓርብ ሹክሹክ ጋ ሄጄ ሞኖውን አታቆይልኝ፣ ለፈለገ ሽጠው አልኩት። ቅዳሜ ጠዋት አባባ ሲጠይቀኝ «ተሸጧል» አልኩት። ቲኬት የሌለው ተሳፋሪ እንደሚያይ አየኝ። «ተሸጠ?» «ተሸጠ።» «እንግዲያው ለወንድምሽ ጻፊለት፤ ሞኖውን ይላክልኝ» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ፒክአፑ መጣ። እማዬ በመስኮት ሆና ሹፌሩን «ዛሬ አልተመቸኝም» ብላ መለሰችው፤ ለምን እንዳልተመቻት ለእኔም አልነገረችኝም። ገመዱን ግን ገና አልፈታችውም፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አላመንኳትም።

አንተንም አላመንኩህም። ግድግዳውን የበሳኸው አንተ ነህ፤ ሽቦውን በእጅህ ያሳለፍከው አንተ ነህ፤ የሸጠልህም ሰው ሞኖ ነው ስቴሪዮ ሳይልህ አይቀርም። አውቀህ ነው የላክኸው ወይስ ሽፋኑን አይተህ ብቻ? እውነቱን ጻፍልኝ። አውቀህ ከሆነ ከዚህ በኋላ ወገብህን በተመለከተም አላምንህም።

አባባ ብርድ እንዳይመታህ ልብስ ደርብ ይልሃል። እማዬ ጉንጮችህን ትስማለች፤ የላከችልህ ሹራብ ጠቦህ እንደሆነ ልኬትህን ላክ ብላለች። አክስታችን ሰላም ብላሃለች፤ ለጊዜው ከእኛ ጋር ኩርፊያ ላይ ናት። አብሮህ ለሚኖረው ልጅም ሰላምታዬን ንገረው፤ በጎኑ ይተኛ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የሹክሹክ ሱቅ ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። የተቆለፈ በር ሦስቴ ተመልሶ የሚገፋው አባባ፣ እኔ ተሸጧል ስለው ሄዶ አላጣራም። እንግዲህ ጻፊለት ያለኝን ጽፌልሃለሁ። አንተ ግን ሞኖውን እንዳትልክ።

የምትወድህ እህትህ

ከእናትና አባትህ ቤት
እሑድ፣ ግንቦት 9 ቀን