የሆስፒታሉ አፍ የነበሩት የአያታችን የሕይወት ታሪክ

«እኔ የሞትኩ ዕለት ይህ ሆስፒታል ዲዳ ይሆናል» ይሉ ነበር አያታችን። «ጉራ አይደለም፣ ትንቢት ነው» ብለውም ይጨምሩበታል።

ሴት አያታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከጨርቅ ቸርቻሪ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. በአንዲት የድንበር ገበያ ተወለዱ። ገበያው በሦስት ቋንቋ የሚገበያዩበት፣ በአራተኛው የሚሰዳደቡበት ነበርና የወተት ጥርሳቸው ሳይረግፍ ሁሉንም ለቀሙ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ይህን የምትጽፈው የልጅ ልጃቸውም ከዚያ ብዙ ርቃ ስላልሄደች በዚህ አታሾፍም።

በ1965 ዓ.ም. ከሾፌር ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ዕድሜያቸውን መንገድ ላይ ጨርሰው ቀድመዋቸው አረፉ።

በ1972 ዓ.ም. በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ተቀጠሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ አስተርጓሚ ሆኑ። ታካሚዎች «አፌ» ይሏቸው ነበር። ሴት ታካሚ ስትገባ መጋረጃውን ሳይስቡ አንድ ቃል አይተረጉሙም። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ታካሚ ገብተው ሐኪሙ ሰዓታቸውን እያዩ «ሽማግሌው ምን አሉ?» ሲሉ፣ «ገና ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ እየተባባልን ነው» አሉ አያታችን።

«ሆዳቸውንስ?»

«ቤተሰቡ ሳይቀድም ሆድ አይነገርም፤ ይታገሡን ዶክተር።»

ሐኪሙ ስቀው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

ሥራቸው ከታካሚው ትከሻ ኋላ ቆሞ የታካሚውን «እኔ» «እኔ» ብሎ ማቀበል ነበር። ማታ እንዴት ዋሉ ስንላቸው፣ «ጠዋት መንታ ወለድኩ፤ ከሰዓት ደግሞ ፕሮስቴቴን አመመኝ» ይሉናል። እንስቃለን። ስለ ራሳቸው ግን ከዚህ አያልፉም። የእናታቸውን ቋንቋ ለልጆቻቸው አላስተማሩም። ወጥ ቤት ብቻቸውን ቆመው በዚያ ቋንቋ ሲያንጎራጉሩ «ምን እያሉ ነው?» ብንል፣ «የሥራ ጉዳይ ነው» ብለው በሩን ገርበብ ያደርጉታል። ጡረታ ወጥተውም ሆስፒታሉን አልተዉም፤ አንዲት ወጣት አስተርጓሚም አሠልጥነዋል።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ ታመሙ። ከልጅ ልጃቸው ጋር ወደ ተረኛዋ ነርስ ቀርበው «ደረቴን ይወጋኛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል» አሏት። ነርሷ ጻፈችና ቀና ብላ ከኋላቸው ፈለገች። «እሺ እማማ፣ ታካሚዋ የታሉ?»

አያታችን እስኪያስላቸው ሳቁ። ቤት ለመጣው ሁሉ እንደ ቀልድ አወሩት። የልጅ ልጃቸው ግን ያኔ እጇን ምን ያህል አጥብቀው እንደያዙት ታውቃለች።

ሆስፒታል ሲተኙም አልጋቸው አጠገብ የአያታችንን እናት ቋንቋ ብቻ የሚያውቁ ቅርጫት ሠሪ አሮጊት ነበሩ። አያታችን አፍንጫቸው ላይ ኦክስጅን እንደተሰካ ይተረጉሙላቸዋል። ሐኪሙ «እርስዎስ የት ነው የሚያምዎት?» ሲሉ «ደህና ነኝ፤ ይልቅ እሳቸውን ይዩልኝ» ይላሉ። መድኃኒቱ ሲጠነክርባቸው በዚያ ቋንቋ ብቻ ማውራት ጀመሩ። እኛ ልጆቻቸውና የልጅ ልጃቸው አልጋውን ከበን ቆምን፤ አንዲትም ቃል አልገባንም።

ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። የሦስት ልጆች እናት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ያለ አስተርጓሚ የሚሰማ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበልልን።

ቅርጫት ሠሪዋ ድነው ለቅሶ ደርሰዋል። ይህን የምትጽፈው የልጅ ልጅ ከላይ ያለውን የአያታችንን ትንቢት ስታነብላቸው ወጣቷ አስተርጓሚ ከትከሻቸው ኋላ ቆማ አቀበለቻቸው። አሮጊቷ አዳምጠው ሲጨርሱ እንዲህ አሉ፦

«ዲዳ? ታዲያ እኔ አሁን በማን አፍ ነው የማወራው? ዲዳዋስ እሷ ነበረች። የት ያምሻል ሲሏት፣ ደህና ነኝ ስትል ሞተች።»