ለታላቅ የተሰጠች ሪጎሬ

ኮምቦልቻ፣ ማክሰኞ፣ ግንቦት 1979 ዓ.ም.

ውድ በሺር፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል ሲጀመር አይቼ ስለማላውቅ ነው እንጂ ዛሬ ለኔ ውድ ሆነህ አይደለም። ስለ ጤናህም አልጠይቅህም፤ ደህና መሆንህን ትናንት ወንድምህ ፋብሪካው በር ላይ ነግሮኛል። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። እሁድ ተናደድኩ፣ ሰኞ ባሰብኝ። የፊታችን እሁድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቤታችን ከመምጣትህ በፊት እንድታነበው፣ ይህን ወረቀት በእጅህ እንድትሰጥህ ፋብሪካ ውስጥ ከማሽኔ ጎን የምትሠራውን አትጠገብን አደራ ብያታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ኳሱ ልናገር፤ እሱን ሳልናገር ሌላው አይወጣልኝም። አሥራ ሁለት ዓመት በሺር! ቡድናችን ቦርከና የክፍለ ሀገሩን ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ ሲያነሳ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካ ተተክሏል፣ ቀበሌያችን ሦስት ሊቀመንበር ቀይሯል፣ ክፉው ቀን መጥቶ ስንቱን ይዞ ሄዷል፤ ዋንጫው ግን ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ አልገባም። አምስት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሰን አምስቱንም ጊዜ በደሴው ጦሳ ተሸነፍን። አንዴ በዝናቡ አሳበብን፣ አንዴ በዳኛው፣ አንዴ ደግሞ በደሴ ብርድ። የጦሳ ደጋፊዎች ገና ከመኪና ስንወርድ «ምነው ዕቃ መያዣ ይዛችሁ መጣችሁ? የምትወስዱት የለ!» እያሉ ይስቁብናል። እኛም እንደ ማሽላ እያረርን እንስቃለን።

ዘንድሮ ግን ተስፋ ነበረኝ፤ ምክንያቱ አንተ ነህ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ሳልተኛ ኤንትሬው የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ዳገቱን ስንዘፍን ወጣን። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አንዱ ጓድ ስለ ስፖርትና ስለ አብዮቱ አርባ ደቂቃ ሙሉ ሲናገር ፀሐዩ ላይ ቆሜ ሰማሁ፤ እሱንም ቻልኩት። አንድ ለአንድ ሆናችሁ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ጎሉ አፋፍ ላይ ጠልፈው ጣሉህ፣ ዳኛውም ሪጎሬ ብሎ ወደ ፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብ አሳየ። በቃ አልኩ፣ ተገላገልን። ዘንድሮ ከመታሃቸው ሪጎሬዎች አንድ እንኳ አልሳትክም። አትጠገብማ አንገቴን አንቃ በደስታ አለቀሰች።

ከዚያ ምን አደረግህ? ኳሷን ካስቀመጥክበት አንስተህ ወደ ወንድምህ ወደ ዘይኑልአቢዲን ዞርክ። ዕድሜ ልኩን ተከላካይ ሆኖ የኖረ የሠላሳ ሰባት ዓመት ሰው! ከጎሉ ጎን ስለነበርኩ አንድም ቃል አላመለጠኝም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይምቱት። የመጨረሻ ጨዋታዎ ነው።»

«ኧረ በአላህ፣ አንተው ምታ! ያንተ ሥራ ነው።»

«ወላሂ እርስዎ እያሉ አልመታም!»

ማልህ። እሱም ማለ። ቤት ሊገቡ በር ላይ «ይቅደሙ፣ አይ እርስዎ ይቅደሙ» እንደሚባባሉ ሽማግሌዎች ቆማችሁ ስትገፋፉ ዳኛው ሰልችቶት ሁለቴ ፊሽካ ነፋ። የጦሳ በረኛ ምሰሶውን ተደግፎ ይስቅ ነበር። በመጨረሻ ጋሼ ዘይኑ ላንተ ሲል መታት። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ አልፋ፣ ሕዝቡንም አልፋ፣ መንገድ ዳር የቆመ ጋሪ ውስጥ ገባች። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ እነሱ አገቡብን።

ስንመለስ ምን እንዳናደደኝ ታውቃለህ? መኪናው ላይ ሰው ሁሉ ያመሰግንህ ነበር። «አይ ጨዋ ልጅ! ታላቁን አከበረ» ይላሉ። አልቻልኩም፣ ጮህኩ። ከሐርቡ የመጡ አንድ አዛውንት «ተይ ልጄ፣ ዋንጫ ያልፋል፤ የሚቀረው አደብ ነው» አሉኝ።

«አባባ፣ አሥራ ሁለት ዓመት አደባችንን ይዘን ተመለስን! አንድ ዓመት እንኳ ዋንጫ ይዘን ብንመለስ ምናለ?» አልኳቸው። ሰው ሳቀ፤ እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ የደጋፊ ንዴት ነው፣ በሳምንት ይበርድ ነበር። ሰኞ ከሥራ ስወጣ ጋሼ ዘይኑ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ጥፋተኛ ይመስል ኮፍያውን በእጁ ይጠመዝዘዋል። ስለ ሪጎሬው ይቅርታ ሊጠይቀኝ የመጣ መስሎኝ አዘንኩለት።

«ረሂማ፣ ለአባትሽ መልእክት ልኬያለሁ። እሁድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። በድንገት እንዳይሆንብሽ ራሴ ልንገርሽ ብዬ ነው» አለኝ።

«ለማን?» አልኩት እንደ ቂል።

«ለኔ ነዋ። አግባ አግባ ሲሉኝ በሺር ራሱን ይቻል እያልኩ ቆየሁ። አሁን ግን ቻለ። ከሦስት ሳምንት በፊት አማክሬው ነበር፤ ‹ከረሂማ የተሻለች አያገኙም› አለኝ። የሽምግልናውን ጫት ተሸክሞ የሚመጣውም እሱ ነው።»

በሺር፣ ከሦስት ሳምንት በፊት! ያን ሰሞን እኮ የቦርከና ድልድይ ላይ ተገናኝተናል። የኅብረት ሱቅ ስኳር ለኒካሃችን እያጠራቀምኩ እንደሆነ ስነግርህ አንገትህን ደፍተህ ሰማኸኝ። አንድ ቃል አልተነፈስክም። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ፤ ወላሂ ያንተስ ነቅዟል።

ለጋሼ ዘይኑም «እኔና በሺር ሁለት ዓመታችን ነው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ዓይኑን ሳየው ያንተ በሽታ እኔም ላይ ተጋባ። «እሺ፣ አባቴ ያውቃል» ብዬ ሄድኩ። በዚህ በራሴም ተናድጃለሁ።

ወንድምህ ምን እንዳደረገልህ አውቃለሁ። አባታችሁ ሲሞቱ ትምህርቱን ትቶ ጋራዥ ገባ፤ አንተን ለማስተማር የራሱን ትዳር አዘገየ። ለእንዲህ ያለ ሰው «አይሆንም» ማለት እንደሚከብድ ይገባኛል። ግን እኔ የቤታችሁ ዕቃ አይደለሁም፤ ስለወደድከው የምታበረክትለት በግ አይደለሁም። ደግሞስ የበደልከው እኔን ብቻ ነው? እሱ ይህን ነገር ከኒካሁ በኋላ ከሰው አፍ ቢሰማ፣ ታናሽ ወንድሙ ማዕዱ ላይ እየቀረበ ምን እንዳሰበ ባወቀ ጊዜ፣ ምን ሆኖ ይኖራል? ያሳደገህን ሰው እንዲህ ነው የምታከብረው?

ሌሊቱን በማሽኑ ጫጫታ ውስጥ ሆኜ ሳሰላስለው የቆየሁትን ነገር ልንገርህ። አምና መጀመሪያ «ከረመዳን በኋላ እነግረዋለሁ» አልከኝ። ከዚያ «ከዐረፋ በኋላ»። በመጨረሻ «ዋንጫውን ይዤ ስገባ ጋሼ ደስ ብሎት እያለ እነግረዋለሁ» አልከኝ። እኔም ለዚያ ነው ዘንድሮ ከሁሉም ሰው በላይ የጮህኩት። ብታገባት ኖሮ ያን ማታ መናገርህ ነበር። እና አሁን እጠይቅሃለሁ፤ ኳሷን የሰጠኸው አክብረኸው ነው ወይስ ማሸነፉን ፈርተህ? መላ ኮምቦልቻን ያስለቀስከው አንድ ቃል ላለመናገር ከሆነ አላህ ይይልህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ አንተ ግን የደበቅከው የሦስት ሰው በሽታ ነው።

አሁን የምልህን በደንብ ስማ። አባቴ ትናንት «ልጄ፣ ካንደበትሽ ሳልሰማ ለማንም እሺ አልልም፤ እሁድ ሽማግሌዎቹ ባሉበት እጠይቅሻለሁ» ብሎኛል። አባቴ ያለውን ያደርጋል። አንተ ጫቱን አስቀምጠህ፣ ታናሽ ነህና በሩ አጠገብ ትቀመጣለህ። እኔ ከጓዳ ተጠርቼ እወጣለሁ። ስጠየቅ አላፍርም፤ «ጋሼ ዘይኑን እንደ ታላቅ ወንድሜ አከብረዋለሁ፤ የምፈልገው ግን በሩ አጠገብ የተቀመጠውን ነው፤ እሱም ሁለት ዓመት ፈልጎኛል» እላለሁ። ሰው ጉድ ይበል። ከዚያ አባቴ ወደ አንተ ዞሮ «እውነት ነው ወይ?» ይልሃል። መልሱን የምትሰጠው አንተ ብቻ ነህ፤ የምታሳልፍለት ታላቅ የለም።

ይህ እንዲሆን አልፈልግም፤ ለአንተ ሳይሆን ለጋሼ ዘይኑ ስል። እሱ በሽማግሌ ፊት ሊዋረድ የሚገባው ሰው አይደለም። እስከ ቅዳሜ አራት ቀን አለህ። ቤት ውስጥ፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ፣ ባንተ አፍ ይስማው። ይቆጣ ይሆናል፣ ያለቅስም ይሆናል፤ ያሳደገህ ሰው ነውና ይችለዋል።

ካልነገርከው ግን እሁድ እኔ እነግረዋለሁ።

ረሂማ