የእትዬ ሰባት እንቁላል

ጥቅምት 4
ቅዳሜ። ልጄ የምትመጣበት ቀን። ከጫጩት ማስፈልፈያው ስድስት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ዛሬ ስምንት ሺህ ጫጩት አስፈልፍለናል። ብናኙ አፍንጫዬ ገብቶ እስከ ቤት ሳነጥስ መጣሁ።

እናቷና አዲሱ ባሏ በመኪና አድርሰዋት ሄዱ። አዲሱ እላለሁ እንጂ ከተጋቡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው የሚሠራው። የራሱ ጥርስ ግን አንድም አልጎደለም። ሲስቅ ቆጥሮ ማረጋገጥ ይቻላል። ደግሞ ብዙ ይስቃል።

ኤሊዋንም በካርቶን ይዛ መጥታለች። ስሟ እትዬ ነው። «ትልቅ ሰው ስለምትመስል» ብላ ያወጣችላት ልጄ ናት። የገዛሁላት ግን እኔ ነኝ። ይህ ይታወቅልኝ።

ጥቅምት 5
ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

የጋዝ ሲሊንደር ስቀይር ከእጄ አመለጠ። ሦስቱን ደረጃ ተንከባልሎ ወረደ። እትዬ ከታች ፀሐይ እየሞቀች... እንቁላል ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። እሱን ነው የሰማሁት። ጎኗ ላይ ቅርፊቷ እንደ ሰሃን ተሰንጥቋል። ደም አለው።

ልጄ አላለቀሰችም። ፊቷ አመድ መሰለ። «ለጋሽዬ ደውልለት» አለችኝ። ጋሽዬ የምትለው ጥርስ ሠሪውን ነው። አባቷ አጠገቧ ቆሜ!

ደወልኩለት። ምን ላድርግ።

ጥቅምት 6
ልጄ ከትምህርት ቤት ቀረች። የእንስሳት ሐኪሟ ቁስሉን አጠበች፣ መርፌ ወጋቻት፣ ራጅ አነሳቻት። ሳንባዋ አልተነካም፣ ትተርፋለች አለች። ስንጥቁን ግን ገጥሞ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል...

ጥርስ ሠሪው ቀድሞ አስቦበታል። ከቦርሳው ዱቄትና ፈሳሽ አወጣ፤ ሰው ሠራሽ ድድ የሚሠራበትን። ለወሰ፣ ቀባ፣ በጣቱ ጫፍ አስተካከለ። ሐኪሟ «እጅዎ ይባረክ» አለችው። አሁን እትዬ አንድ ጎኗ ላይ ድድ የሚመስል ሮዝ ልጥፍ አላት። ልጄ ሳቀች። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ያሳቃትም እሱ ነው።

ሌላ ነገርም አለ። ራጁ ላይ ሰባት ክብ ክብ ነገር ታየ። እንቁላል! «ወንዱ ከየት መጣ?» አልኩ። የጎረቤታቸው ወንድ ኤሊ በአጥር ሥር እየሾለከ ይመጣ ነበር አሉ። እዚያ ቤት የገባች ሁሉ ባል ታገኛለች ማለት ነው።

«የሰበርኳት እኔ ነኝ፣ የማስታምማትም እኔ ነኝ» አልኩና ወደ ቤቴ ይዣት መጣሁ።

ጥቅምት 10
አራት ቀን ሙሉ አልበላችም። ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቲማቲም... አንገቷን እንኳ አታወጣም። ጠዋትና ማታ የልጥፉን ዙሪያ በጨው ውኃ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ የተኛችበትን ጋዜጣ እቀይራለሁ።

ልጄ በየቀኑ ትደውላለች። «እትዬ እንዴት ናት?» «ደህና ናት።» «በላች?» «ገና።» «እሺ፣ ቻው።»

እኔ እንዴት እንዳደርኩ የጠየቀኝ የለም።

ጥቅምት 11
ጥርስ ሠሪው ልጄን ሊያደርስ መጥቶ፣ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ለእትዬ አንድ ቁራጭ ቲማቲም ዘረጋላት። አንገቷን ሙሉውን አወጣችና ጎረሰች። «ርቧታል» አለ።

ርቧታል! አምስት ቀን እያባበልኩ የከረምኩት እኔ! ልጄ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት። በአንዲት ቁራጭ ቲማቲም ቀናሁ። ሃምሳ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት የቀረኝ ሰውዬ።

ጥቅምት 19
ጣለች! እኔ ቤት፣ እኔ ባዘጋጀሁት የአሸዋ ሳጥን ውስጥ! ከነቁስሏ፣ በኋላ እግሮቿ ሁለት ሰዓት ቆፈረች። ሰባት፣ ነጭ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ የመሰሉ። ልጄና እኔ በደረታችን ተኝተን አየን። ትንፋሽ እንኳ አላሰማንም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንቁላል ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። በስንት ጊዜ አንዴ፣ እሱ የማያውቀው እኔ የማውቀው ነገር መጣ። «አባዬ፣ አንተ እኮ የእንቁላል ሰው ነህ!» አለችኝ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ከዚያ ትንሽ አሰበችና «አምስቱ ላንተ፣ ሁለቱ ለጋሽዬ» አለች።
«ለእሱ ለምን?»
«ቅር እንዳይለው።»

ፈገግ አልኩ። የግዴን ነው።

ጥቅምት 20
ከሥራ ቦታ አሮጌዋን የሙከራ ማስፈልፈያ ማሽን ተውሼ አመጣሁ። የፈረቃ ጓደኛዬ ጉዱን ሲሰማ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ተረተብኝ። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ይህን ተረት በቀን ሦስቴ ይሰማል። የሚሳቅበት ጊዜ ካለፈ ቆይቷል።

አምስቱም ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ፤ በአንድ ጎን መስቀል፣ በሌላው ክብ። ትልልቆቹ ማሽኖች ሳይመጡ በእጃችን ስናገላብጥ እንዲህ ነበር የምናደርገው። ጠዋት መስቀሉ ወደ ላይ፣ ቀን ክቡ፣ ማታ መስቀሉ፣ በማግስቱ ደግሞ ከክቡ ጀምሮ። ያልተገላበጠ እንቁላል ጽንሱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቅና ይሞታል። ይህን ያላወቀ ሰው የእኛን በር አይረግጥም። ለቀኑ ተራ በምሳ ሰዓት በብስክሌት እመጣለሁ።

ጥቅምት 25
ልጄ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ጋሽዬ ላከልህ።»

«ሰላም ወንድሜ፣ የኤሊ እንቁላል ከተጣለ በኋላ መገላበጥ የለበትም የሚል ነገር አነበብኩ። መቼም ሳታውቀው አትቀርም» ይላል።

ለቀባሪው አረዱት! ድድ ሲለውስ የሚውል ሰው ለእኔ ስለ እንቁላል! ልጄ ወደ እትዬ ስትሄድ ጠብቄ ቀድጄ ጣልኩት። «አመሰግናለሁ በይልኝ» አልኳት ስትመለስ።

ኅዳር 4
በመብራት አየኋቸው። አራቱ ላይ ቀጭን ቀይ ክር! ሕይወት አለ። አንዱ ብቻ ባዶ ይመስላል። ብቻዬን ጨፈርኩ። እትዬ ታየኝ ነበር።

ኅዳር 9
ልጄን ልወስድ እነሱ ቤት ሄድኩ። ጫማዋን እስክታስር የእሱን እንቁላሎች አየሁ። ሳጥን፣ አሸዋ፣ አንድ አምፖል። እንቁላሎቹ አናት ላይ አንዳንድ የእርሳስ ነጥብ አለ። ነጥቡ የመጀመሪያው ቀን እንደነበረ ወደ ላይ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልነካቸውም! እውነትም ወረቀት አምኗል።

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ኧረ አገላብጣቸው፣ ይሞታሉ» ልለው። ዋጥኩት። ይበላሹበት አልኩ በሆዴ። ያን ጊዜ የማን እጅ እንደሚሻል ልጄ ታያለች።

ሲሸኘኝ «ያንተዎቹስ?» አለኝ። «ግሩም ናቸው» አልኩት።

ክፉ ሰው ነኝ? ...እንጃ። ቤት እንደገባሁ ልብሴን ሳልቀይር የእኔዎቹን አገላበጥኩ።

ኅዳር 17
እናቷ ደወለች። ከጥር ጀምሮ ልጅቷ በየሁለት ሳምንቱ ብትመጣስ? ትምህርት በዝቶባታል፣ መመላለሱ ደከማት...
«እሷ ምን አለች?» አልኩ።
«አንተው ጠይቃት።»

አልጠየቅኳትም። ፈራሁ። ግን አምስት ትናንሽ ኤሊ ያለበትን ቤት የትኛው ልጅ ይተዋል? አምስት ባይሆኑ እንኳ አራት። ጥር ሳይገባ ይፈለፈሉ እንጂ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።

ኅዳር 18
ዛሬ ለቀኑ ተራ ሩብ ሰዓት ዘገየሁ። የብስክሌቱ ሰንሰለት ወልቆ። ስገላብጣቸው ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ታኅሣሥ 2
የደም ቀለበት።

በእኛ ሥራ ይህን ለማወቅ አንድ ሳምንት ይበቃል። ቀዩ ክር ተሰብስቦ ቀለበት ከሠራ አልቆለታል። አራቱም ላይ አለ። አምስተኛው ድሮም ባዶ ነበር። መብራቱን ደጋግሜ አበራሁ። ምናልባት ዓይኔ...

ለሐኪሟ ደወልኩ። ሙቀቱን ጠየቀችኝ፣ ልክ ነው። እርጥበቱን ጠየቀችኝ፣ ልክ ነው። ከዚያ «መቼም አላገላበጧቸውም፣ አይደል?» አለች።

«አገላብጫለሁ» አልኳት።

«ኤሊ እኮ እንደ ዶሮ አትታቀፍም። ቀብራው ነው የምትሄደው፤ ማን ያገላብጠዋል?» አለች ቀስ ብላ። እያዘነችልኝ ነው መሰለኝ፣ ይሄ ባሰብኝ።

በቀን ሦስት ጊዜ። አርባ ሁለት ቀን። ለምሳ ሳልቀመጥ እየመጣሁ ገደልኳቸው።

ታኅሣሥ 3
«ባዶ ነበሩ» አልኳት በስልክ።

«ሁሉም?» አለች። ከዚያ «ጋሽዬም አንዳንዴ እንደዚያ ይሆናል ብሎኛል። የአባትሽ ጥፋት አይደለም አለኝ» አለች።

ገብቶታል ማለት ነው። ወረቀቱን ስለላከ፣ እኔንም ስለሚያውቀኝ... ገብቶታል። ገብቶት ነው የሸፈነልኝ። ደሜ ፈላ። መዋሸቱን እንኳ ለብቻዬ አይተውልኝም!

ታኅሣሥ 15
የሚጻፍ ነገር የለም። ማሽኗን መለስኩ። ጓደኛዬ «በእግራቸው ሄዱ?» አለኝ።

ታኅሣሥ 28
«አባዬ! አንዱ አፍንጫውን አወጣ! ና!» አለችኝ ልጄ በስልክ።

ሄድኩ። አልሄድም ልል ነበር... ሄድኩ። ስደርስ ሁለቱም ወጥተዋል። የካፖርት ቁልፍ የሚያክሉ። እናቷ ታለቅሳለች፣ ጥርስ ሠሪው ያንን ሁሉ ጥርሱን ያሳያል፣ ልጄ አንዴ እሱን አንዴ ኤሊዎቹን ታያለች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ቅናት ያቃጥላል ሲሉ አባባል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ በእውነት ደረት ላይ ያቃጥላል።

እነዚህ ሁለቱ ምክሬን የነፈግኳቸው ናቸው። በክፋት። አፌን ከፍቼ መክሬው፣ እሱም ሰምቶኝ ቢሆን እነሱም አይኖሩም ነበር።

ጥርስ ሠሪው አየኝና «ስለ ሙቀቱ ያስተማረኝ አባትሽ ነው እኮ» አላት። ምንም አላስተማርኩትም። ሊያስጠጋኝ ብሎ ነው። ልጄ ወደ እኔ ዞራ ልትስቅልኝ ስትል አልቻልኩም።

«ውሸቱን ነው» አልኩ። «የእኔዎቹም ባዶ አልነበሩም። እኔ ነኝ የገደልኳቸው። አገላብጬ።»

«ጋሽዬ ወረቀት ልኮልህ ነበር» አለች ልጄ።
«አዎ።»
«ለምን አልሰማህም?»
«ቀንቼ» አልኳት።

ምን ማለት እንደሆነ የገባት አልመሰለኝም። ወይም በደንብ ገባት። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። አንኳኳሁ፣ አልከፈተችም። እናቷ «ለዛሬ ተዋት» አለችኝ።

ጥር 5
ቅዳሜ። አልመጣችም። ደጅ ደጁን ሳይ ዋልኩ።

እትዬ ድናለች። ከእጄ መብላት ከጀመረች ሰነባበተች፤ ሳልጽፈው ቀርቼ ነው። ዛሬ ግን የሰላጣዋን ቅጠል ይዤ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። አሁን ማንም ሳይኖር ብትበላልኝ ምን ያደርግልኛል?

ጥር 9
ረቡዕ። ቀኗ አይደለም። ከሥራ ስመለስ የጥርስ ሠሪው መኪና ደጄ ላይ ቆሟል፣ እሱ ውስጡ ተቀምጧል። ልጄ ደረጃው ላይ ነበረች። «እትዬን ላይ ነው የመጣሁት» አለችኝ። እሺ አልኳት። በሩን ከፈትኩ።

እትዬን ታቅፋ ልጥፏን ስታሻሽ ቆየች። ከዚያ ሳታየኝ፣
«በጋሽዬ ነው የቀናኸው?»
«አዎ።»
«እኔም ቀንቼ አውቃለሁ።»
«በማን?»
«በጫጩቶቹ።»

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ትንሽ ሆኜ አሞኝ እማዬ ስትደውልልህ፣ ዛሬ የሚፈለፈሉበት ቀን ነው ብለህ አልመጣህም። ሰምቻለሁ እኮ፣ ስልኩ ጆሮዬ አጠገብ ነበር። ከዚያ ጫጩት ሁሉ ይሙት ብዬ ጸለይኩ።»
«ስንት ዓመትሽ ነበር?»
«አራት። ወይ አምስት።»

ያንን ቀን አላስታውሰውም። ብዙ ሞከርኩ፣ አላስታውሰውም። የዚያን ቀን ስንት ጫጩት እንደወጣ ግን መዝገብ ቤት ብጠይቅ ይነግሩኛል።

«ይቅር በይኝ» አልኳት። ስለ የትኛው እንደሆነ አልጠየቀችኝም። እኔም አላውቀውም፣ ስለ ሁሉም ነው።

«አሁንስ ትቀኛለሽ?»
ትከሻዋን ሰበቀች። «ትንሽ ትንሽ። አንተስ?»
«እኔም ትንሽ ትንሽ።»

አሁን ሳቀች። ቅዳሜ እመጣለሁ አለች። በየሁለት ሳምንቱ ነው ወይ ልላት ፈልጌ ምላሴን ያዝኩ። እሷው ጨረሰችው። «በየሳምንቱ። ቤት ካለህ።»

ወጣሁ። የመኪናውን መስታወት አንኳኳሁ። ጥርስ ሠሪው ደነገጠ፤ «ምነው፣ ምን ሆነች?» አለኝ።
«ምንም አልሆነች። ሻይ ጥጄ ነው፣ ግባ።»
«እኔ?»
«አዎ አንተ። ግባ እንጂ፣ ወንድሜ።»

ቤቴ ያሉት ሁለት ወንበሮች ብቻ ናቸው። እነሱ ተቀመጡ። እኔ ቆሜ ጠጣሁ።