የእሑድ አሥር ሰዓት ተራ

መስከረም 7፣ ማክሰኞ

የአንሶላ መተኮሻው ማሽን ዛሬም አኮረፈ። ግማሹን በእጅ ካውያ ጨረስነው። ክንዴ የኔ አይመስለኝም። አለቃ "ነገ ይሠራል" አለ። ነገ የሚባለው ቀን እዚህ ሆቴል ምድር ቤት ወርዶ አያውቅም።

የእሑዱ ጨዋታ ግን አሁንም ከአፌ አልወጣም። ሦስት ለሁለት! አባባ ቤት፣ እንደ ሁልጊዜው። ቴሌቪዥኑ ፊት፣ እሱ ወንበሩ ላይ፣ እኔ ከጎኑ በርጩማ ላይ። ዓይኑ ሰው መለየት ትቷል። ቀለም ግን ይለያል፤ የኛዎቹን ቀይ፣ የሜዳውን አረንጓዴ... ማን ኳሱን እንደያዘ፣ ማን እንደወደቀ፣ ዳኛው ምን እንደነፋ እኔ እነግረዋለሁ። ሦስተኛው ሲገባ ብድግ ብዬ ጮህኩ። እሱም ብድግ አለ። ጎረቤቷ ሰው የሞተ መስሏት እየሮጠች መጣች።

"ይቺ ልጅ ባትኖር ኳስ ለኔ ሬዲዮ ነበር" አላት።

ሐኪሙ ለኔ ለብቻዬ ነው የነገረኝ። የቀረችው ብርሃን የወራት እንጂ የዓመት አይደለችም። ጠብታው ቢያዘገያት እንጂ አያድናትም። አባባ ያውቃል መሰለኝ... አይጠይቅም፣ እኔም አልናገርም። እስከዚያው እሑድ እሑድ ቀዩን ይይልኝ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

መስከረም 16፣ ሐሙስ

የጸሎት ቡድን ቀን። ስምንት ሴቶች፣ ልብስ ሰፊዋ ቤት፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ መሃል። መሪያችን እሷ ናት። ስትጸልይ ድንጋይ ታስለቅሳለች። እኔማ ለማልቀስ ሰበብ አያሻኝም።

ዛሬ ልቤን ከፈትኩ። እሑድ ስብከት ላይ ተቀምጬ ውስጤ አሰላለፍ ይደረድር ነበር፤ ሰባኪው "ዐሥራ አንዱ ደቀ መዛሙርት" ሲል ግራ ተከላካያችን ትዝ አለኝ፣ አልኳቸው። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እሷ አልሳቀችም።

"ለሁለት ሰዓት ኳስ የማይዘጋ ጉሮሮ፣ ለዐሥር ደቂቃ ጸሎት ለምን ይዘጋል?" አለችኝ። "ልብሽን ማን ጋ እንዳስቀመጥሽው እዪ።"

ምን ልበል? እውነቷን ነው።

ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። የጸሎት ቤታችን ሴቶች የጸሎት ሰንሰለት አለን። እያንዳንዷ በሳምንት አንድ ሰዓት ትይዛለች፤ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ትቀበላለች። የኔ ሰኞ ንጋት ላይ ነው። የሷ እሑድ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት።

"አማቴ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆዩ። እሑድ ከሰዓት የማገላብጣቸው እኔ ነኝ። ሰዓት እንቀያየር፣ እህቴ። ላንቺም መድኃኒት ነው። ፈተናሽ በሚመጣበት ሰዓት ተንበርከኪ። ኳሱንም ከሥሩ ንቀይው።"

አቀፈችኝ። ሸክም የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ።

መስከረም 19፣ እሑድ

ጠዋት ለአባባ ነገርኩት። እሑድ አሥር ሰዓት የጸሎት ተራ አለብኝ፣ ኳሱንም ትቼዋለሁ፣ አልኩት። ኮፍያውን እጁ ላይ አዟዟረ።

"በየሳምንቱ?"

"በየሳምንቱ።"

"እሺ። ከእግዜር ጋር ማን ይጋፋል።"

የቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁ። አልቀለደም።

አሥር ሰዓት ላይ ተንበረከክሁ። አሥራ አንድ ላይ ተነሣሁ። የጸለየው ጉልበቴ ነው። ልቤም ይለምዳል...

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ጎረቤት "ጎል!" ሲል "አሜን!" አልኩ። ይቅር በለኝ።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ልብስ ሰፊዋ ዛሬ የሴቶች ጉባኤ ላይ ቆማ መሰከረች። "አንዲት እህት ነበረች፤ ጣዖቷ ኳስ ነበር..." ስሜን አልጠራችም። ሆቴል አንሶላ እንደምትተኩስ ግን ጨመረች! አዳራሹ ሙሉ ዞሮ አየኝ። በቡድናችን መሃል የተናገርኩት ነገር... ለሌሎች ትምህርት ነው፣ ለበጎ ነው አልኩ። ለበጎ ነው?

አባባ ጋ አሁን የምሄደው ቅዳሜ ነው። ልብሱን አጥቤ፣ ዳቦና ዘይቱን አስቀምጬ እመለሳለሁ። ኳስ አናነሣም። ለካ ሌላ ወሬ አልነበረንም።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

የሆነውን ሁሉ በተራ ልጻፈው።

ከጸሎት ቤት ስወጣ አለቃ ደወለ። ሠርግ አለ፣ የጠረጴዛ ልብሱ አልደረሰም፣ በሞቴ ነይ። ሄድኩ። አሥር ሰዓት ሲሆን ተራዬን እዚያው ጀመርኩ። እጄ ይተኩሳል፣ ከንፈሬ ይጸልያል። መጀመሪያ የማነሣው የልብስ ሰፊዋን አማት ነው። በየሳምንቱ። "ጌታ ሆይ፣ አልጋ ላይ ያሉትን እናት አስባቸው..."

አሥር ተኩል ላይ የተጣጠፈውን ተሸክሜ ወደ ላይ ወጣሁ። ወደ ሠርጉ አዳራሽ የሚወስደው መንገድ በትልቁ ቴሌቪዥን ክፍል በኩል ነው። በሩ ክፍት። ጩኸት። ቀና አልኩ፤ ውጤቱን ለማየት ነበር፣ እሱንም ልናገር። ከውጤቱ በፊት እሷን አየሁ።

ፊተኛው ወንበር ላይ። ቀይ ማሊያ ለብሳ። ባሏ በቀኟ። በግራዋ ደግሞ አማትዬዋ! ያቺ አልጋ ላይ ያለችው! ቀይ ሻርፕ ጠምጥማ ኦቾሎኒዋን ትፈለፍላለች። ሕመምተኛ ሳትሆን የደጋፊዎች ሊቀመንበር ነው የምትመስለው። ለአንድ አፍታ ጸሎቴ ተሰማ እንዴ ብዬ ነበር።

"እነዚህ ሰዎች..." አልኩት አስተናጋጁን።

"እነሱማ የእሑድ ቋሚዎቻችን ናቸው። መስከረም ላይ ነው ቦታ ያስያዙት።"

መስከረም... መስከረም! የኔን ሰዓት ስትወስድ፣ ስታቅፈኝ፣ ወንበሩን አስይዛ ነበር።

አላየችኝም። የጠረጴዛ ልብሱን አድርሼ ወረድኩ። የቀረችውን ግማሽ ሰዓት አልጸለይኩም። ሰንሰለቱን እኔ በጠስኩት።

ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

አንሶላ አቃጠልኩ። በሃያ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ

ሌሎቹ እስኪወጡ ጠበቅኩ።

"አማትሽ እንዴት ናቸው?"

"ተመስገን፣ እንዳሉ ናቸው።"

"ኦቾሎኒው ተስማማቸው?"

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። ትደነግጣለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ብታለቅስ እኔም አለቅስ ነበር፣ ያልቅ ነበር።

"አየሽን?"

"አየሁ።"

"ወገባቸውን በእውነት አሟቸው ነበር። ኋላ ተሻላቸው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሰዓቱን ለምደሽዋል ብዬ።"

"ኳስ ጣዖት ነው አላልሽኝም? በሰው ፊት አላዋረድሽኝም?"

"ያልኩሽ ላንቺ ነው" አለች፣ ድምፅዋ ሳይናወጥ። "እኔ አይቼው እረሳዋለሁ። አንቺ ትሰምጪበታለሽ። ሰው እንደ አቅሙ ነው።"

እንደ አቅሙ! ደሜ ፈላ። ወጥቼ ሄድኩ። ሁሌም መልሱ የሚመጣልኝ መንገድ ላይ ነው። እየሄድኩ ብቻዬን ሳወራ ሰው ዘወር ብሎ አየኝ። የምሰምጠው አባቴ አጠገብ ተቀምጬ ነበር፣ ልላት ይገባ ነበር። ኳስ ማየቷ አይደለም የቆረጠኝ። ትይ፣ ዓይኗ እስኪጠፋ ትይ! በእግዚአብሔር ስም ዋሽታ ወንበሬን መውሰዷ ነው።

ጸሎት የሚባል ነገር ከአፌ እምቢ ብሏል።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ዛሬ ተራዬን ጥዬ አባባ ጋ ሄድኩ። አሥር ሰዓት አልፎ ሩብ ግድም። በሩን ከፍቼ ገባሁ። ቤቱ ጭር ብሏል። ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም። አባባ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ክው አልኩ።

"አባባ! ምን ሆነሃል?"

"ሽሽሽ! ሰዓትሽ እኮ ነው።"

"የምን ሰዓት?"

"የጸሎትሽ ነዋ። ልጄ ተንበርክካ እኔ ጎል ልቁጠር? ጸሎቱን አላውቅበትም፤ ኮፍያዬን አወልቅና ዝም እላለሁ። አንቺ ስታበቂ እኔም አበቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከነገርሽኝ ቀን ነዋ።"

እግሩ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ኦቾሎኒው ላይ ስደርስ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገ።

"ታዲያ ስትጸልዪ የከረምሽው ለልብስ ሰፊዋ ነው?"

"ለጌታ ነው እንጂ።"

"እሱስ ዋሸሽ?"

"አልዋሸኝም።"

"እንግዲያው ጨርሺ። የቀረ ጊዜ አለ።"

ጸለይኩ። አጭር፣ ቁጣ የተቀላቀለበት። እሱ ዝም አለ። አሥራ አንድ ሲሆን ኮፍያውን ደፋና "ክፈቺዋ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀመር ነው" አለኝ።

ሁለተኛው አጋማሽ... አሥር ሰዓት የጀመረ ጨዋታ ከእረፍት የሚመለሰው አሥራ አንድ ላይ ነው። እኔ ነኝ ይህን የማላውቀው? ጸልዬ፣ መንገዱን ተሻግሬ፣ ደርሼ ከጎኑ መቀመጥ እችል ነበር። በየሳምንቱ። ከሥሩ ንቀይው ስትለኝ ነቀልኩ፤ አንድም ቀን ሰዓት አልቆጠርኩም።

ከፈትኩት። አባባ ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ።

"የኛዎቹ ዛሬ ምን ለበሱ?"

ቴሌቪዥኑ ሙሉ ቀይ ነበር።

"አባባ... ቀዩ አይታይህም?"

"ኅዳር ላይ ሄደ። አንድ ቀን ጠዋት ተነሣሁ፣ የለም።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ጸሎትሽን ላውክ እንዴ?"

ማን ኳሱን እንደያዘ ነገርኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ ይህን እንዴት አላየሁም? ልብሱን አጥባለሁ፣ ዘይቱን አስቀምጣለሁ... ፊቱን አላየሁትም። ልብስ ሰፊዋን ይቅር ማለት አለብኝ፣ ታዝዣለሁ። የመስከረምንና የጥቅምትን እሑዶች ግን ማን ይመልስልኛል? ግማሹን እሷ ሰረቀችኝ። ሌላውን እኔው በገዛ እጄ ሰጠሁ።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ከልብስ ሰፊዋ ቡድን ወጣሁ። ለሴቶች አስተባባሪዋ ምክንያቱን እንዳለ ነገርኳት፤ ሳልጨምር። የእሑድ አሥር ሰዓትን ግን አልመልስም አልኳት፤ የኔ ነው። ዛሬ ጸሎት ቤት በር ላይ ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘረጋችልኝ። ጨበጥኳት። ልቤ አልጨበጣትም። ወደፊት እንጃ።

ተራዬን አባባ ቤት ያዝኩ። ከዚያ ሁለተኛው አጋማሽ። ሳንቲም የማያወጣ ጨዋታ። የኛዎቹ ቆመው ይሄዳሉ። መሃል ላይ አባባ ክንዴን ያዘ።

"እውነቱን ነው የምትነግሪኝ አይደል? አያይም ብለሽ ጎል እንዳትጨምሪልኝ።"

ቃጥቶኝ ነበር። አዎ፣ አንዲት ጎል ልጨምርለት አስቤ ነበር። ደስ እንዲለው። ማን ያውቅብኛል?

አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። አንድ ለዜሮ ብዬ ነገርኩት።